በጠየቁ ቁጥር

በሥራ ዘመኔ በጣም የተመሰገንሁበት ነገር ሁለት መስመር ኮድ ነው። የአንዲት እናት ዓይን የጠፋውም በእነዚሁ ሁለት መስመሮች ነው። እንዲህ ስል ሰው ያጋነንሁ ይመስለዋል። ባጋንን ደስ ባለኝ።

ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ክፍሌ ከላቦራቶሪው ጀርባ ነው፤ ሁለት ሰርቨር፣ አንድ ጠረጴዛና ሌት ተቀን የሚጮህ ማራገቢያ አለበት። ከሕመምተኛ ጋር የሚያገናኘኝ ጉዳይ የለም ማለት ይቻላል። ሻይ ልጠጣ ስወጣ ግን በውጤት መስኮቱ በኩል ማለፍ ግድ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሁልጊዜ ሰልፍ አለ። ሰልፈኛው ከሳንጃ፣ ከጭልጋ፣ ከዳባት፣ ከጃናሞራ የመጣ ነው። ካርዱን በመስኮቱ ያቀብላል፤ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ ትጽፋለች፤ ከዚያ እሷም እሱም ይጠብቃሉ።

የሚያናድደኝ ያ ጥበቃ ነበር። የሕመምተኛው መረጃ ሁሉ የተከማቸበት ዳታቤዝ አርጅቷል። አንድ ቁጥር ሲጠየቅ የሕመምተኛውን ስም ከአንዱ ሠንጠረዥ፣ የታዘዘውን ምርመራ ከሌላው፣ ውጤቱን ከሦስተኛው እየለቀመ አንድ ላይ እስኪያመጣ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። ሁለት ደቂቃ ለአንድ ሰው ምንም አይደለም። ለሁለት መቶ ሰው ግን ቀኑ መሸ ማለት ነው። የመስኮቷ ሴትዮ የዳባት ልጅ ናት፤ ምላሷ እሾህ ነው፣ ልቧ ግን ለሰው ይራራል። ስወጣ ባየችኝ ቁጥር «አንተ ተማርሁ ትላለህ፣ ይህን ሕዝብ ፀሐይ ላይ አቁመህ ሻይ ትጠጣለህ» ትለኝ ነበር።

ስለዚህ ካሽ የሚሉትን ነገር አስገባሁ። ነገሩ ቀላል ነው። ከዳታቤዙ ፊት አንድ ፈጣን ማስታወሻ ይቀመጣል። ማስታወሻው ሠንጠረዥ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁልፍና መልስ ብቻ ነው። ቁልፉ የካርድ ቁጥሩ ነው፣ መልሱ ደግሞ ተዘጋጅቶ ያለቀው ጽሑፍ። አንድ ቁጥር መጀመሪያ ሲጠየቅ ዳታቤዙ ይለፋል፤ መልሱም ማስታወሻው ላይ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ ለሚጠይቅ ሁሉ ማስታወሻው ወዲያው ይመልሳል፤ ዳታቤዙ እንደተጠየቀ እንኳ አያውቅም።

ማስታወሻው መልስን ለዘላለም መያዝ የለበትምና ለእያንዳንዱ ዕድሜ ይወሰንለታል። እኔ አንድ ቀን ሰጠሁት። ሁለቱ መስመሮች የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው መስመር፣ መልሱ በተጠየቀ ቁጥር ዕድሜው እንደ አዲስ አንድ ቀን ይሁን ይላል። ሰው የሚፈልገው ቅርብ ይቀመጥ፣ የማይፈልገው ይጥፋ፤ ፍትሐዊ መሰለኝ። ሁለተኛው መስመር፣ ውጤቱ ገና ከሆነ «አልደረሰም» የሚለውም እንደማንኛውም መልስ ይያዝ ይላል። ከሰልፈኛው ግማሹ ያልደረሰ ውጤት የሚጠይቅ ስለነበረ ዳታቤዙን ያደከመው እሱ ነበር።

ላቦራቶሪያችን አዲስ ውጤት ሲጽፍ የዚያ ካርድ ማስታወሻ እንዲሰረዝ አድርጌያለሁ። ይህን ያህል ሞኝ አይደለሁም። የረሳሁት፣ ከእኛ ላቦራቶሪ የማይወጣ ውጤት መኖሩን ነው። ከሰውነት ላይ ተቆርጦ የሚወሰድ ናሙና የሚመረመረው ሌላ ከተማ ነው። ውጤቱ በሳምንት አንድ ጊዜ በፋይል ይመጣል፤ ፋይሉን በቀጥታ ዳታቤዙ ውስጥ የምጭነውም እኔው ራሴ ነኝ። በጓሮ በር አስገባዋለሁ፤ በፊት ለፊቱ በር ያለው ማስታወሻ አያየውም። ቀድሞ ቢሆን አንድ አዛውንት ተላላኪ የውጤቱን ወረቀት በክላሰር ይዘው ምርመራውን ላዘዘው ክፍል ያደርሱ ነበር። ወረቀት ኋላ ቀርነት ነው፣ ይቅር ብዬ በስብሰባ ላይ የተሟገትሁት እኔ ነኝ። ቀረ።

የመጀመሪያው ሳምንት ድግስ ነበር። ሰልፉ ገና ረፋድ ላይ ያልቃል። አለቃዬ በስብሰባ ላይ አስጨበጨበልኝ። የመስኮቷ ሴትዮ ከቤቷ ድፎ ዳቦ አምጥታ «እጅህ ይባረክ» አለችኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው፣ ደረቴን ነፍቼ በግቢው ተንጎራደድሁ።

ሽማግሌው የመጡት በዚያው ወር ነው። አገራቸው ከመካነ ብርሃን ግማሽ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ መንደር ነው። ባለቤታቸው በግራ ዓይናቸው ነጭ ላይ ትንሽ ሥጋ ወጥቶባቸዋል። ከሥጋው ተቆርጦ ለምርመራ ተልኳል። ክፉ ከሆነና ቶሎ ከተነሣ ዓይኑ ይተርፋል፤ ከቆየ ግን ዓይኑ ራሱ ይወጣል ተብለዋል። ይህን የሚሠራው ሐኪም ከሌላ ከተማ የሚመጣ ነው፤ ያን ሳምንት ጎንደር ነበር። ለቀዶ ሕክምና የሚገቡት ስም ዝርዝር ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ውጤት ያልያዘ አይመዘገብም። ባልና ሚስቱ እዚሁ ጎንደር፣ ቀሐ ሰፈር ዘመድ ቤት አርፈው ያን ውጤት ይጠብቃሉ።

ሰኞ ከመስኮቱ አጠገብ አገኙኝና ጋቢያቸውን አስተካክለው «ዶክተር፣ ምነው ይኸ ነገር ዘገየሳ?» አሉኝ። እኔ ዶክተር አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። አላልሁም፤ ደስ ይላላ።

«ይመጣል አባቴ። ብቻ እንዳይሰለቹ፤ ደጋግመው ይጠይቁ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» አልኋቸው። ለመስኮቷ ሴትዮም «እኒህ አባት በመጡ ቁጥር ያለ ሰልፍ ተመልከችላቸው» ብዬ አዘዝሁ። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ሻዬን በደስታ ጠጣሁ።

ለእሳቸው ደጅ መጥናትን ማስተማር አያስፈልግም ነበር። የእኛ አገር ሰው ከጥንት ጀምሮ ጉዳዩን ያስፈጸመው በጌታው በር ላይ ውሎ፣ ፊቱን አሳይቶ፣ እጅ ነሥቶ ነው። በሩ ላይ ያልተገኘ ይረሳል። ሽማግሌው መስኮቱ ሁለት ተኩል ላይ ሲከፈት ይገኛሉ። በአራት ሰዓት ይመጣሉ፣ በስድስት ይመጣሉ፣ ከምሳ በኋላ ይመጣሉ፣ ሊዘጋ ሲልም ይመጣሉ። «አለ?» ይላሉ። «አልደረሰም፣ አያ» ትላቸዋለች። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወደ አጥሩ ሥር ይመለሳሉ።

ማክሰኞ ከስድስት ሰዓት በፊት የናሙናው ፋይል መጣ። ጫንሁት። ስሕተት የለም የሚለውን መልእክት አየሁና ለምሳ ተነሣሁ። በመስኮቱ ሳልፍ «አለ?» ሲሉ ሰማኋቸው። «አልደረሰም፣ አያ» አለቻቸው። እኔም ትከሻቸውን ነካ አድርጌ «አይዞዎት» አልሁ። ያን ጊዜ የባለቤታቸው ውጤት ዳታቤዙ ውስጥ ከገባ ሩብ ሰዓት ሆኖት ነበር፤ ያስገባሁትም እኔ ነኝ።

ረቡዕም ሐሙስም እንዲሁ ሆነ። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ተዘጋ። ዝርዝሩን የያዘችው ነርስ ቁጥራቸውን በራሷ ኮምፒውተር ሞክራዋለች፤ የመለሰላት ያው ማስታወሻ ነው። ሽማግሌው አልተቆጡም። ለቅዳሜ ማለዳ መኪና ተገኘ፤ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን በሚዘጋበት ጊዜ የተገኘ መኪና አይታለፍም፤ ሊሄዱ ሆነ። ዓርብ ማታ ከመሄዳቸው በፊት እስከ ክፍሌ ድረስ መጥተው በሩ ላይ ቆመው «ደክመህልናል፣ ዶክተር። ልፋትህን አይንሣህ» ብለው ተሰናበቱኝ።

ሰኞ ጠዋት የመስኮቷ ሴትዮ ማንም ሳይጠይቃት እንዲሁ ልቧ አልችል ብሏት ቁጥራቸውን ጻፈች። ውጤቱ ወጣ። ከመስኮቷ የማትነሣው ሴትዮ ተነሥታ ክፍሌ ድረስ መጣች። አትሜ የሰጠኋትን ያህል ግልጽ አድርጋ በእጇ ወረቀት ላይ ጽፋዋለች፤ የገባበት ቀን ማክሰኞ ነው።

«እኔ ስንት ቀን ሙሉ የለም ስላቸው ኖሯል?» አለች።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደ ሥሩ ወረድሁ። ሰርቨሩ የተጠየቀውን ሁሉ በሰዓት በሰዓቱ ይመዘግባል። ማክሰኞ ጠዋት ውጤቱ ሳይገባ ጠይቀዋል፤ ማስታወሻው «አልደረሰም»ን ያዘ። ከዚያ ውጤቱ በጓሮ ገባ። «አልደረሰም» አንድ ቀን ዕድሜ ነበረው፤ ማንም ባይነካው ረቡዕ በራሱ ይጠፋና እውነተኛው መልስ ይወጣ ነበር። እሳቸው ግን መጡ። «አለ?» ባሉ ቁጥር ያ ውሸት እንደ አዲስ አንድ ቀን ተጨመረለት። በአራት ሰዓት አደሱት፣ በስድስት ሰዓት አደሱት፣ ሊዘጋ ሲልም አደሱት። ቅዳሜና እሑድ ማንም ሳይጠይቅ ሲቀር ብቻውን ሞተ።

ሌሎቹንም አየሁ። በዚያው ፋይል ውጤታቸው የመጣ ሰባት ስምንት ሰዎች ነበሩ። አንድ ጊዜ ጠይቆ፣ የለም ሲባል ተበሳጭቶ ወደ ገበያው የሄደ፣ በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ሲመለስ ውጤቱን ተቀብሏል። ቸልተኛው አገኘ፤ ደጅ የጠናው አጣ። ደጅ ጥና ያልሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ያለ ሰልፍ እንዲጠይቁ መንገድ ያበጀሁላቸውም እኔ ነኝ።

ማስተካከሉ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። «አልደረሰም» ከእንግዲህ እንዳይያዝ አደረግሁ፤ ፋይል ስጭንም ማስታወሻው አብሮ እንዲሰረዝ አዘዝሁ። ኮድ በተነካ ቁጥር የሚሞላው የለውጥ መዝገብ ምን እንዳስተካከልሁ ሲጠይቀኝ «ትንሽ ማስተካከያ» ብዬ ጻፍሁ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ይላል። አላረምሁትም፤ ባየሁት ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርሁት። አዳመጠኝና «ሲስተም ነው፤ አንተ ምን ታደርግ» አለኝ። በአገራችን ሲስተም የሚባል አንድ ሰው አለ፤ ባንክም፣ ቀበሌም፣ ሆስፒታልም ይሠራል፣ ሁሉን የሚያጠፋ እሱ ነው፣ ማንም አይቶት አያውቅም። የእኛውን ግን እኔ አውቀዋለሁ። ከላቦራቶሪው ጀርባ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

ሽማግሌው የተዉት ስልክ የመካነ ብርሃን ባለሱቅ ስልክ ነው። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ የለም። በሾፌር መልእክት ላክሁ፤ በሌላ ሾፌር ደገምሁ። መልእክቱ ሲደርስ ሐኪሙ ሄዷል። ተመልሶ የመጣው ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ ባለቤታቸው፣ እማማ፣ ለቀዶ ሕክምና ገቡ፤ የወጣው ግን ሥጋው ብቻ አልነበረም። ፋሻ አስረው በኮሪደሩ ሲወጡ ከሩቅ አየኋቸውና ወደ ክፍሌ ተመልሼ በሩን ዘጋሁት። ፈሪ ነኝ።

ጥቂት ቆይቶ ለመካነ ብርሃን ጤና ጣቢያ ኮምፒውተር የሚያደርስ መኪና ተገኘ። ሌላ ሰው ሊላክ ነበር፤ እኔ ልሂድ አልሁ። በደባርቅ በኩል ያን ብርዳም ተራራ አቋርጠን ወረድን። ሥራዬን ጨርሼ በማግስቱ መንደራቸውን እየጠየቅሁ ሄድሁ። ሽማግሌው ድንች እየቆፈሩ ነበር። ሲያዩኝ መቆፈሪያቸውን ጥለው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ፤ ቤት አስገብተው ቁርበት ላይ አስቀመጡኝ። እማማ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡ። ሳህኑን ሲያስቀምጡ በግራቸው በኩል ያለሁትን እኔን ለማየት አንገታቸውን ሙሉ በሙሉ አዞሩ።

እንዴት እንደምጀምር ስጨነቅ ሽማግሌው ራሳቸው ጀመሩት። «ዶክተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «አንተ አትሰልች ብለኸኝ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እግሬ አብጦ ቀሐ ተኝቼ ዋልሁ። ሁለት ጊዜ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ያን ጊዜ መጥቶ አልፎኝ ይሆናል እያልሁ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል። እሷ አትከሰኝም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ።»

ዝም ብል ኖሮ ያንኑ ይዘው ይኖሩ ነበር። ያላጠፉትን ጥፋት አቅፈው እንዲኖሩ መተው አልቻልሁም፤ ወይም ለእሳቸው ሳይሆን ለራሴ ነው የተናገርሁት፣ እስከ አሁን አልለየሁትም። በመጀመሪያ ዶክተር አለመሆኔን ነገርኋቸው። ከዚያ የሠራሁትን በሚገባቸው አማርኛ አስረዳሁ፤ ከእውነተኛው መዝገብ ፊት ሌላ ማስታወሻ እንዳቆምሁ፣ ውጤቱ ማክሰኞ እንደገባ፣ ማስታወሻው ግን የለም የሚለውን ይዞ በተጠየቀ ቁጥር ያን የለም እንደሚያድሰው። እማማ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። ሽማግሌው መሬት መሬቱን ሲያዩ ቆዩ።

«እንግዲያ ያን ሐሙስ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ብውል ኖሮስ?» አሉኝ።

«ዓርብ ጠዋት ውጤቱን ያገኙ ነበር።»

«ዓይኗስ?»

«ሳይተርፍ አይቀርም ነበር።»

ሲናገሩ አንደበታቸው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «መቅረቴ ነው ያጠፋት ስል ነበር። አሁንስ መሄዴ ነው ያጠፋት አልኸኝ። ምነው ይኸን ባትነግረኝ?» አሉ።

የእኔ እንጂ የእርስዎ ጥፋት አይደለም አልሁ። ደጋግሜ አልሁ። አሁን እንደተስተካከለ፣ ከእንግዲህ መቶ ጊዜ ቢጠይቁም ምንም እንደማይሆን ማልሁላቸው። እማማ «ተወው በቃ፣ ልጁ እንግዳ ነው» አሏቸው፤ ወደ እኔም ዞረው «ብላ፣ ሳይበርድ» አሉኝ። በላሁ። ከዚያ ድንች የከበደ ነገር በልቼ አላውቅም። በመመለሻዬ መኪናው ውስጥ፣ ቀሎኝ ይሆናል ብዬ ራሴን ፈተሽሁ። አልቀለለኝም። ሸክሜን አካፍዬ ነው የተመለስሁት፤ ለእኒያ ሰው የራሳቸው እንዳልበቃቸው ሁሉ።

እማማ ለክትትል ወደ ጎንደር ሲመለሱ ሐኪሞቹ በቀኝ ዓይናቸው ላይም አንድ ነገር ጠረጠሩ። ትንሽ ቆርጠው ላኩ። የቀረችው ያቺ አንዲት ዓይን ናት።

ፋይሉ በሚጠበቅበት ቀን ጠዋት ላይ ጫንሁት፤ መግባቱን ሁለት ጊዜ አረጋገጥሁ፤ ለማየት የፈራሁት የእማማን ቁጥር ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ የመስኮቷ ሴትዮ መጣች። «እኒያ አባት ምን ሆነዋል?» አለችኝ። «ጠዋት ገና መስኮቱን ስከፍት አንድ ጊዜ ጠየቁ። አልደረሰም አልኋቸው፤ ያን ጊዜ አልደረሰም ነበር። ከዚያ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ቀሩ። ብጠራቸው በእጃቸው አይሆንም ይሉኛል። ያን ቁጥር ደግሞ እኔ መክፈት ፈራሁ፤ አንተ እየው።»

ቁጥሩን ጻፍሁ። ውጤቱ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አለ። ክፉ አይደለም ይላል።

ሮጥሁ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መስኮቱን እንዳያዩ ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው ተቀምጠዋል። ስቀርብ ብድግ አሉ።

«ደርሷል አባቴ» አልሁ። «ደህና ነው። ክፉ አይደለም።»

ፊታቸው አልፈታም። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስንት ጊዜ ጠየቅህ?»

«አንድ ጊዜ» አልኋቸው።

«ሸጋ አደረግህ» አሉ፤ እጄንም ሳሙት።